ማጣሪያው መጣ፤ አሸዋውስ ከየት መጣ?

«አሸዋ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ግንባታ ነው። ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ገልባጭ መኪና፣ ከመንገድ ዳር የተቆለለ ክምር፣ በክምሩ ላይ የሚንደባለሉ የሰፈር ልጆች... በቃ ይሄው ነው። አሸዋ ለሚጠጣ ውሃም እንደሚያስፈልግ፣ ያውም እንደ ዘር እህል ተመርጦ፣ ተነፍቶና ታጥቦ መሆን እንዳለበት ብናገር ግን «ይሄ ልጅ ዲፓርትመንት ተምታቶበት ነው እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲያውም ይህችን ጽሑፍ ለቡለቲናችን እንዳቀርብ ያነሳሳኝ ጋዜጠኝነት መማሬ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ለማለት የፈለግሁት ይህን ነው፦ ባደግሁበት አካባቢ የውሃ ማጣሪያ ለገበሬ ቤት ሲሰጥ ሰጪውም፣ ተቀባዩም፣ ዜናውን የሚሠራውም የሚቆጥሩት ዕቃውን ነው። «ይህን ያህል ማጣሪያ ተከፋፈለ» ይባላል። ውሃውን የሚያጠራው ግን ዕቃው ውስጥ የሚገባው አሸዋ ነው። አሸዋው ያልተመረጠ ማጣሪያ ከባዶ ዕቃ አይሻልም። ሰው «ተጣርቷል» ብሎ ስለሚተማመንበት እንዲያውም ሊብስ ይችላል።

አካባቢውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ሲኬድ የጉና ተራራ አለ፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ከጉና ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው ደግሞ በበሽሎና በሌሎች ወንዞች በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሚገኙት በዚሁ ዙሪያ ነው። ከተሞቻቸውም ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ናቸው። ደጋው ብርድ ነው፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ቆላው ያቃጥላል። ሴፍቲኔት ሲነሳ ስማቸው አብሮ የሚነሳ ወረዳዎች ናቸው፤ ይህም ስለ መሬቱ የሚናገረው አለ።

ገጠሩ ላይ ያልተከለለ ምንጭና ወራጅ ውሃ የሚቀዳው ሰው ብዙ ነው። እናቶቻችን ሲቀዱ የእንስራውን ወይም የጀሪካኑን አፍ በነጠላ ይሸፍኑታል፤ አልቅት እንዳይገባ። እንስራውንም በወይራ ያጥኑታል፤ ውሃው ሽታው ይጥማል። እኔ ይሄን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ከሚስቁት ወገን አይደለሁም። ነጠላው አልቅቱን በእውነት ይይዛል። በዓይን የማይታየውን ግን አይዝም። ክረምት ሲገባ ከእርሻው የታጠበው አፈር፣ ከየጓሮው የታጠበው ደግሞ ምኑም ምኑም ተደባልቆ ምንጩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሕፃናት ተቅማጥ ያላየ የእኛ አገር ልጅ ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለውን ውሃ አሸዋ ማጥራት ይችላል። አዲስ ግኝትም አይደለም። በስኮትላንድ ፔይዝሊ በምትባል ከተማ የጨርቅ ማንጫ የነበረው ጆን ጊብ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1804 ለራሱ ሥራ ብሎ በአሸዋ ካጣራው ውሃ የተረፈውን ለከተማው ሕዝብ ይሸጥ ነበር። በ1829 ደግሞ ጀምስ ሲምፕሰን የተባለ መሐንዲስ ለንደን ላይ የቴምዝን ወንዝ ውሃ በአሸዋ እያጣራ ማከፋፈል ጀመረ። ልብ በሉ፤ ያኔ ስለ ጀርም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ውሃው ስለጠራላቸው ብቻ ነው የሠሩት።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን የሐምቡርግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሐምቡርግ ላይ ኮሌራ ገባ። ሐምቡርግ የኤልበን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ነበር የምታጠጣው። ጎረቤቷ አልቶና ደግሞ ከሐምቡርግ በታች፣ የሐምቡርግ ቆሻሻ ጭምር ከገባበት ከዚያው ወንዝ ትቀዳለች፤ ግን በአሸዋ አጣርታ ነው። ሐምቡርግ ውስጥ ከ8,500 በላይ ሰው ሞተ። አልቶና በአንጻሩ ብዙም ሳትነካ ቀረች። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው አንድ መንገድ ብቻ በሆነበት ሰፈር ኮሌራው በአንዱ ወገን ሰው ሲጥል በሌላው ወገን ያሉት ደህና ነበሩ። አየሩ አንድ፣ ወንዙ አንድ፣ ሰዉም አንድ ዓይነት ሰው። ልዩነቱ አሸዋው ነበር።

ይሄ እንግዲህ የከተማ ማጣሪያ ነው፤ ሜዳ የሚያህል ገንዳ ይፈልጋል። በ1990ዎቹ ዴቪድ ማንዝ የተባሉ የካናዳው ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነገርየውን አሳንሰው ለአንድ ቤተሰብ እንዲሆን አድርገው ሠሩት። ባዮሳንድ ይባላል። ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ብዙ ጊዜ በሲሚንቶ የሚሠራ ዕቃ ነው። ከሥሩ ጠጠር፣ ከላዩ ግማሽ ሜትር ያህል አሸዋ ይገባበታል፤ ከላይ ውሃ ሲጨመር በጎን ባለችው ቱቦ የጠራው ይወጣል። መብራት የለው፣ የሚለወጥ ዕቃ የለው። ወደ አገራችን ካስገቡት አንዷ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ስትሆን ሥራውን የጀመረችው በ1999 ነው። በ2006 በተደረገ የመስክ ግምገማ ከ5 ዓመት በላይ ያገለገሉ ማጣሪያዎች እየሠሩ ተገኝተዋል፤ በአማካይም ከሰገራ የሚመጣውን ባክቴሪያ ከ100 እጅ 88 ያህሉን ይይዙ ነበር። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ ማጣሪያው የገባላቸው ቤተሰቦች ላይ የተቅማጥ በሽታ በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ዕቃው አይሠራም የሚል ካለ ከእኔ ጋር አንስማማም። በትክክል ሲሠራ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አሸዋው ውሃውን የሚያጠራው እንደ ወንፊት አሻግሮ በመያዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ብዙም ባላስጨነቀ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በአሸዋው የላይኛው ፊት ላይ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ሕይወት ያለው ሽፋን ይበቅላል። ዓይን የማያያቸው ጠቃሚ ተሕዋስያን ቤታቸውን እዚያ ይሠሩና ከውሃው ጋር የሚመጣውን በሽታ አምጪ ይበሉታል። ይህ ሽፋን እስኪዳብር እስከ 30 ቀን ይፈጃል። ከአሸዋው በላይ ሁልጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው፤ ከደረቀ ይሞታል፤ ውሃው ከጠለቀ ደግሞ አየር አይደርሰውም። እንግዲህ አሸዋ መምረጥ ማለት ለእነዚህ ፍጥረታት ቤት መምረጥ ማለት ነው።

ይህን ስል ትዝ ያለኝ ባለ ዓሣዎቹ ናቸው። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበትን የመስታወት ሣጥን ያያችሁ ትኖራላችሁ። የጨው ውሃ ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች ለሣጥኑ ወለል የሚሆን አሸዋ ሲመርጡ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ሳነብ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት። ከኮራልና ከዛጎል ስብርባሪ የሆነውን ይፈልጋሉ፤ ካልሲየም ካርቦኔቱ የውሃውን ፒ.ኤች. 8.2 አካባቢ ለማቆየት ያግዛል። እውነተኛው መሆኑን ለማረጋገጥ አቼቶ ጠብ ያደርጉበታል፤ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለው። ማግኔት ያስጠጉበታል፤ ብረት ያለበትን አይፈልጉም። ቀለም የተነከረውን አያስገቡም። ከዚያ ደግሞ ዓሣውን ወዲያው አይከቱም። ጠቃሚው ባክቴሪያ አሸዋው ላይ እስኪሰፍር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቃሉ። ይሄ ሁሉ አንዲት ባለ ሸንተረር ዓሣ እንዳትሞት ነው! አልፈርድባቸውም፤ ዓሣዋ ፍጥረት ነች። የእኛ ማጣሪያና የእነሱ ሣጥን በመሠረቱ አንድ ሥራ የሚሠሩ መሆናቸውን ግን ተመልከቱ፤ አሸዋ ላይ የሰፈረ ሕይወት ውሃ ሲያጠራ። ለዓሣው የሚጠየቀው ጥያቄ ለሕፃኑ ለምን አይጠየቅም?

ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ የምትኖር አክስት አለችኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለእሷና ለጎረቤቶቿ ማጣሪያ መጣላቸው። ማን እንዳመጣው እዚህ መጥቀስ አልፈልግም፤ ቅን ሰዎች እንደሆኑ አምናለሁ። ዕቃውን በመኪና አመጡት፤ አሸዋውን ግን ከብቶች ውሃ ከሚጠጡበት መሻገሪያ አስወጡና በአንድ ቀን ውስጥ ሞልተው፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ። ለእረፍት ሄጄ ሳየው ማጣሪያው ላይ ሰፌድ ተደፍቶበታል።

«ምነው አክስቴ፣ አትጠቀሚበትም እንዴ?» ብላት፣

«አይ ልጄ፣» አለችኝ፣ «መጀመሪያ ጭቃ ጭቃ አለ፤ ይጠራል ብለው አሉን፣ ጠበቅን። ኋላ ደግሞ ጨርሶ ጠብ ማለት እንቢ አለ። በአንድ ጀሪካን ግማሽ ቀን ልቁም? እኔስ ሌላ ሥራ የለኝም?»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የአሸዋውን በሽታ በሙሉ ነገረችኝ። ጭቃ ጭቃ ማለቱ ደለሉ አለመታጠቡ ነው። ጠብ አልል ማለቱ ያው ደለል ወርዶ ቀዳዳውን መድፈኑ ነው። ሦስተኛውን፣ ማለትም ከብቶቹ አሸዋው ውስጥ የተዉትን፣ በዓይን ማየት አይቻልም። እሷ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ግን ከሪፖርቱ ጸሐፊ የተሻለ ግምገማ አድርጋለች ባይ ነኝ።

ታዲያ የቱ አሸዋ ነው ደህናው? ይህንን ማጣሪያ በየአገሩ የሚያሠለጥኑ ሰዎች የሚሰጡት መልስ እኔን ያልጠበቅሁበት ቦታ ነው የወሰደኝ። እኛ ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች «የወንዝ አሸዋ ንጹሕ ነው፤ ውሃ ሲያጥበው ኖሯል» እንላለን። እነሱ ግን የወንዝን አሸዋ ከመጨረሻው ምርጫ ነው የሚያስቀምጡት። ወንዝ የአሸዋውን ያህል ፍግ፣ ቅጠልና የሰው ቆሻሻም ያጥባል፤ የሚያስቀምጠውም እዚያው አሸዋው ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ወንዝ የራሱ ወንፊት አለው፤ ፍጥነቱ በሚበዛበት ትልቅ ትልቁን፣ በሚተኛበት ልም ልሙን ለይቶ ስለሚጥል የተመጣጠነ ድብልቅ ማግኘት ያስቸግራል። የባሕር ዳርቻ አሸዋ (ባሕሩን ማለቴ ነው እንጂ ከተማችንን አይደለም) ጨው ስላለበት ጭራሽ አይታሰብም።

የሚመከረው ከድንጋይ መፍጫ የሚወጣው የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከድንጋይ ሆድ አሁን ስለወጣ ፍግ አልነካውም፤ ከዱቄት እስከ ጠጠር ሁሉም መጠን አለበት፤ ከአንዱ ክምር ውስጥ አሸዋውንም፣ ደቃቅ ጠጠሩንም፣ ሻካራ ጠጠሩንም በወንፊት ለይቶ ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ዕድለኛ የሚሆነው። ሌላ ነገር ብናጣ ድንጋይ አጥተን አናውቅም! የጉና ዙሪያ አብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት። «የቻይና መንገድ» የሚባለው የወረታ ወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ በኩል የሚያልፈው በዚሁ ድንጋይ መሐል ነው። መንገድ በሚሠራበት ሁሉ ክሬሸር አለ፤ ክሬሸር ባለበት ሁሉ ደቃቁ ክምር አለ። በእርግጥ ሁሉም ጥቁር ድንጋይ እኩል አይደለም። ፀሐይና ዝናብ በልቶት በእጅ ሲጫኑት የሚፈርሰው ቢፈጭ ሸክላ አፈር ነው የሚሆነው። ሲመቱት የሚጮኸው፣ ትኩስ ስባሪ ያለው ይሻላል።

ክሬሸር የሌለበት ቀበሌ ውስጥስ? ያን ጊዜ ከወንዙ ሆድ ሳይሆን ከዳርቻው ከፍ ብሎ፣ ከብት ከማይረግጠው ቦታ ተቆፍሮ የሚወጣው ይፈለጋል። እሱም ከጠፋ የወንዙን አሸዋ በደንብ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አድርቆ፣ በክሎሪን ማከም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ታዲያ አሸዋው ማጣሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ከገባ በኋላ ክሎሪን ከላይ ቢጨመርበት ያን ሕይወት ያለውን ሽፋን ይገድለዋል።

ከመረጡት በኋላ መንፋት አለ። አሸዋው 0.7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ያለፈው ነው። ከዚያ በላይ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው ደቃቅ ጠጠር፣ ከ6 እስከ 12 ያለው ደግሞ ከታች የሚነጠፈው ጠጠር ይሆናል። የሚነፋው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ አይወድም። ቀጥሎ ማጠብ። እዚህ ላይ ለሚጠራጠር ሁሉ የሚሆን፣ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መመርመሪያ አለ። የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰዱ። ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ንጹሕ ውሃ ሙሉት። አሽከርክሩትና አስቀምጡት። ሦስት አራት ሰከንድ ቆጥራችሁ ከላይ ስታዩ የአሸዋው ፊት በጥቂት ድፍርስ ውስጥ ከታያችሁ ታጥቧል። ውሃው እንደ ጠላ ደፍርሶ ምንም ካልታያችሁ ገና ነው፣ እንደገና ይታጠብ። መስታወት መስሎ ከጠራ ደግሞ ከመጠን በላይ ታጥቦ ልሙ ሁሉ ሄዷል ማለት ነው፤ እሱም ውሃውን በፍጥነት ስለሚያሳልፍ ጥሩ አይደለም። የአክስቴን ማጣሪያ ከፍቼ ከውስጡ አንድ እፍኝ አሸዋ በዚህ መንገድ ሞከርኩት። አራት ሰከንድ ቀርቶ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣም አልጠራም።

በመጨረሻ ሲሞላ ውሃው ቀድሞ ይገባል፤ አሸዋው በውሃው ላይ ይፈስሳል፤ አለበለዚያ አየር መሐሉ ታፍኖ ይቀራል። በትክክል የተሞላ ማጣሪያ ውሃ ሞልተው ሲለኩት በደቂቃ እስከ 0.4 ሊትር ያወርዳል፤ አንድ ሊትር በሁለት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። በጣም ከፈጠነ አሸዋው ሸክሯል፤ ከተጓተተ ደለል አለበት። ሰዓት ያለው ስልክ የያዘ ማንም ሰው ሊለካው ይችላል።

አንድ የመካነ ኢየሱስ ግንበኛ አውቃለሁ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። አሸዋ ሲመጣላቸው ገና መኪናው ላይ እያለ ዘለው ይወጡና አንድ እፍኝ ያነሳሉ፤ በመዳፋቸው ያሹታል፤ ያራግፉታል፤ መዳፋቸውን ያያሉ። አፈር ከቀረበት «መልሰው» ነው። ሾፌሩ ቢለምን፣ ባለቤቱ ቢቆጣ አይሰሙም። በአገራችን የኮንክሪት ሥራ ደንብ መሠረትም ደለሉ ከ100 እጅ 6 ያለፈ አሸዋ ወይ ይታጠባል ወይ አይገባም። ለመጸዳጃ ቤት ግድግዳ የሚሆን አሸዋ ይህን ያህል ክብር ካለው፣ የሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ለሚገባ ውሃ የሚሆነው ያለ ጠያቂ መግባቱ ለእኔ ሊገባኝ አልቻለም።

«እዚያ ድረስ ምን አስኬደህ፣ ክሎሪን አለ አይደል እንዴ?» የሚለኝ ይኖራል። አለ። ውሃ አጋርም ሌላውም አለ፤ ጥሩ ነው። ማፍላትም አለ። ግን ዛፉ አልቆ በኩበት በሚያበስል ቤት ውስጥ የሚጠጣውን ሁሉ አፍሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የቤቷን እመቤት ጠይቁ። ክሎሪን በድፍርስ ውሃ ውስጥ ጉልበቱን ያጣል። በዚያ ላይ ከከተማ ተመላልሶ መምጣት አለበት። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችባቸው ቀናት፣ ከዚያም በኋላ መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ በጠርሙስ የሚመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠፋ መሆኑን አይተናል። አሸዋ አንዴ ከገባ አይጠፋም። ሁለቱን ማጋባት ከሁሉ ይሻላል፤ መጀመሪያ በአሸዋ አጥርቶ፣ የጠራው ላይ ክሎሪን መጨመር። አሸዋ ቫይረስን እንደ ባክቴሪያው አጥብቆ አይዝምና ይህ ጥንቃቄ ትርፍ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ የሚያስቸግረውን ፍሎራይድም አሸዋ አያወጣም፤ ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው አላልኩም።

ከዚህ የከበደው ክርክር ሌላ ነው። «ድሃ ነን፤ ክሬሸር፣ ወንፊት፣ ማጠብ እያልን ስንራቀቅ ሰው ያለ ማጣሪያ ይቀራል፤ በተገኘው አሸዋ ይሞላ» ይባላል። ይህን በቀላሉ አላልፈውም። በተለይ የማጠቡ ነገር እውነተኛ ችግር ነው። ለአንድ ማጣሪያ የሚሆን አሸዋ አንድ ጀሪካን ተኩል ገደማ ቢሆን ነው፤ እሱን ለማጠብ ግን ስንት ጀሪካን ውሃ ይፈስሳል? ያን ውሃ ማነው የሚሸከመው? አክስቴ ናት። ቆላው ላይ ውሃ ሁለት ሰዓት ተሂዶ በሚቀዳበት ቦታ «አሸዋችሁን ሰባት ጊዜ እጠቡ» ብሎ መሄድ ቀልድ ነው። ለዚህ ነው መንፋቱም ማጠቡም በየቤቱ መሆኑ ቀርቶ ውሃና መፍጫ ባለበት፣ በወረዳው ከተማ አንድ ቦታ ላይ መሠራት ያለበት የምለው። የታጠበው ደርቆ በማዳበሪያ ከረጢት ይታሰር፤ ከዚያ አንድ አህያ ለአንድ ቤት የሚበቃውን ትጭነዋለች። ሥራ ለሌላቸው ወጣቶችም ቢሆን ከወንዝ አሸዋ ዝቆ ዳርቻውን ከመናድ ይህ የተሻለ እንጀራ ነው። ገንዘቡ ካነሰ ደግሞ መቶ ማጣሪያ በመጥፎ አሸዋ ከመሙላት ስልሳውን በደህናው መሙላት ይመረጣል። አርባው ቤት ይቀየማል፤ አውቃለሁ። ግን በመጥፎ አሸዋ የተሞላው ማጣሪያ ሲከሽፍ የሚከሽፈው እሱ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ «ያ ነገር አይሠራም» ይላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደህናውን ይዘህለት ብትሄድ በሩን አይከፍትልህም።

እንግዲህ እመጣበታለሁ ያልኩት ጋር ደረስኩ። የልማት ዜና አጻጻፍ ተምረናል። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እንላለን። የማጣሪያ ዜና ሲሠራ ግን «ማን ሰጠ፣ ለስንት ሰው፣ በስንት ብር» ላይ ያልቃል፤ «እንዴት» የምትለዋ የኃላፊው ንግግር ውስጥ ሰምጣ ትቀራለች። መቀስ፣ ሪባን፣ ጭብጨባ። እኔ በበኩሌ አሸዋው ያልተጠቀሰበት የማጣሪያ ዜና ግማሽ ዜና ነው እላለሁ። ለተግባር ልምምድ ወደ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶችና ወደ ማኅበረሰብ ሬዲዮ የምትመደቡ ጓደኞቼ፣ እንዲህ ያለ ምርቃት ላይ ከተላካችሁ አሸዋው ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ቦታውንም ሄዳችሁ እዩት። በስንት ወንፊት እንደተነፋና ማን እንዳጠበው ጠይቁ። ማጣሪያው ከተሞላ ወር ሞልቶታል ወይ? ካልሞላው የሚጠጣው ሰው እስከዚያው ምን እንዲያደርግ ተነገረው? ከምርቃቱ ይልቅ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ መሄድ ይሻላል፤ ያኔ ሰፌድ ተደፍቶበት እንደሆነ ይታያል። ከሁሉ በፊት ደግሞ መጠየቅ ያለባት ውሃውን የምትቀዳዋ ናት፤ ኃላፊው የትም አይሄድም።

ውሃው ራሱ ለማጣሪያው የሚሆን መሆን አለመሆኑንም መለካት ትችላላችሁ። ሁለት ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ በሚጣራው ውሃ ሞልታችሁ በጋዜጣ ትልቅ ርዕስ ላይ አቁሙትና ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። ፊደሉ ከተነበበ ይጣራል፤ ካልተነበበ ቀድሞ በዕቃ ይቀመጥና ይጥለል። ጋዜጣችን ሌላ ነገር ባይጠቅም ለዚህ ይጠቅማል። ካሜራና መቅረጫ ለመዋስ ዲፓርትመንታችን ውስጥ ወረፋው ረጅም ነው፤ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን ከላውንጁ ጀርባ በነፃ ሞልቷል።